ስልኩ ነው ወይስ ከፋላው?

የክርክሩ ጭብጥ፦ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገር በሚሄዱ ሴቶች ላይ የሚፈጸመውን የሰው ንግድ ያባባሰው ዲጂታል ቴክኖሎጂ ነው።

ደጋፊ፦ ቀድሞ ደላላው በአካል ይታወቅ ነበር፤ ይጠየቃል፣ አንዳንዴም ይያዛል። እ.ኤ.አ. በ2019 ግን የቢቢሲ ዓረብኛ ጋዜጠኞች ኩዌት አዲስ የገቡ ባልና ሚስት መስለው ባደረጉት ምርመራ፣ የቤት ሠራተኞች «ለዝውውር» በሚል ሽፋን በኢንስታግራምና «ፎር ሴል» በተባለ መተግበሪያ ለሽያጭ እንደሚቀርቡ፣ በመተግበሪያውም ገዢው በዘር እየለየ መምረጥ ይችል እንደነበር አጋልጠዋል። ከቀረቡላቸው መካከል ከጊኒ የመጣች የ16 ዓመት ልጅ ነበረችበት። የኢንስታግራም ባለቤት የነበረው ፌስቡክ ለዚሁ ንግድ ይውል የነበረውን የዓረብኛ ሃሽታግ ያገደው ጉዳዩ ከተጋለጠ በኋላ ነው።

ተቃዋሚ፦ ያነሱት ምርመራ እውነት ነው፤ የሚያጠናክረው ግን የእኔን አቋም ይመስለኛል። አንዲት ሴት በማስታወቂያ ከእጅ ወደ እጅ ልትተላለፍ የቻለችው መተግበሪያ ስለተፈጠረ ሳይሆን፣ ከፋላ በሚባለው የዓረብ አገራት የአሠሪ ዋስትና ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር ስለታሰረና ያለ እርሱ ይሁንታ ሥራ መለወጥ ስለሚያዳግታት ነው። ማዳሟ ፓስፖርቷን ከያዘችባትና በሩን ከቆለፈችባት በኋላ፣ ሽያጩ በስልክ ይካሄድ በመክተብ (በሠራተኛ አስቀጣሪ ቢሮ) ለእርሷ ልዩነቱ ጥቂት ነው። አገራችን በ2006 ዓ.ም. ወደ ዓረብ አገራት የሚደረገውን የሥራ ጉዞ ስታግድም ስደቱ አልቆመም፤ እገዳው በ2010 ዓ.ም. እስኪነሳ ድረስ ብዙዎቹ ሕጋዊ መንገድ አጥተው በደላላ እጅ ወድቀዋል። ደግሞስ እ.ኤ.አ. በ2012 ቤይሩት በሚገኘው ቆንስላችን ደጃፍ አንዲት እህታችን እየተጎተተች መኪና ውስጥ ስትከተት ዓለም ያየው፣ አንድ መንገደኛ በቀረጸው ምስል አይደለምን?

ደጋፊ፦ ምስሉ ለዓለም አሳየ እንጂ እርሷን አላተረፋትም፤ በቴሌቪዥን በታየ በቀናት ውስጥ ሕይወቷ አልፏል። ካሜራው በማን እጅ እንዳለም መጠየቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2017 ኩዌት ውስጥ አንዲት ኢትዮጵያዊት ከፎቅ ተንጠልጥላ የድረሱልኝ ጩኸት ስታሰማ፣ አሠሪዋ እጇን በመዘርጋት ፈንታ ትቀርጻት ነበር።

ተቃዋሚ፦ አሠሪዎች የሠራተኛዋን ስልክ የሚነጥቁት ለምን ይመስልዎታል? ቤተሰቧንም ሆነ ቆንስላውን የምታገኝበት ብቸኛ መንገድ እርሱ ስለሆነ ነው። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 በሰው የሚነግድን በጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ሆኖም ኩዌት የተቀመጠችውን ሻጭ እዚህ ችሎት ፊት ማቆም እጅግ አዳጋች ነው። ስለዚህ መንግሥታችን ከተቀባይ አገሮች ጋር ሲዋዋል፣ ስልኳ ከእጇ እንዳይወጣ በኮንትራቱ ላይ በግልጽ ማስፈርን ቀዳሚ ጥያቄው ሊያደርግ ይገባል።

ደጋፊ፦ ይስፈር፤ አልቃወምም። ከፋላ እስኪፈርስ ግን ገበያው ክፍት ሆኖ ሊጠብቅ ነው? በዚያው በ2019 አፕል ፌስቡክን ከመተግበሪያ መደብሩ እንደሚያስወጣ ሲያስጠነቅቅ፣ ለዓመታት ቸል ሲባሉ የኖሩት ማስታወቂያዎች በቀናት ውስጥ መነሳት ጀምረዋል።