ሰሜን ኮርኒስ ላይ ነው

የአንደኛ ደረጃ ጂኦግራፊ አስተማሪን የሚያመሰግን ሰው አላጋጠመኝም። ስለዚህ ዛሬ እኔ ላመስግን። ዓለምን የሚያክል ነገር፣ ያውም ልጆቹን ከመቀመጫቸው ሳያስነሱ፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ መጨረስ ቀልድ አይደለም።

ውጤቱን በዓይኔ አይቻለሁ። አንዲት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ "ሰሜን በየት በኩል ነው?" አልኳት። ሳታቅማማ ጣቷን ወደ ኮርኒሱ ቀሰረች። "ደቡብስ?" ወደ ጫማዋ። ተሳስታለች የሚል ካለ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካርታ ይጠይቅ። ሰሜን እዚያ ላይ ነው። መሬት የሚነካው ሚስማሩ የወለቀ ቀን ብቻ ነው። በእርግጥ ልጆቹን ጠዋት ግቢ አውጥቶ፣ ቀኝ እጃቸውን ፀሐይ ወደወጣችበት አስዘርግቶ "ፊታችሁ ሰሜን ነው" ማለት ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ግን ፀሐይ ፈተና ላይ አትመጣም።

ፈተና ላይ የሚመጣው ዋና ከተማ ነው። እዚህ ላይ ሽምደዳ ክብሩ ይስፋ! አንዳንድ አገር ግን ውለታ ቢስ ነው። ካዛኽስታንን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1997 ዋና ከተማዋን ከአልማቲ ወደ አክሞላ አዛወረች። በዓመቱ አክሞላን አስታና አለቻት። በ2019 ኑር-ሱልጣን፣ በ2022 ደግሞ ተመልሳ አስታና። ማስታወሻውን በየጊዜው የሚያድስ አስተማሪ ሲሰርዝ ሲደልዝ ከረመ። ከ1998 ጀምሮ ያቺኑ የነተበች ደብተር የሚያስገለብጠው ግን ምንም ሳይነካ ልክ ሆኖ ተገኘ። ትዕግሥት ማለት ይህ ነው።

ካርታውም ከምስጋናው ይድረሰው። መርካቶር የተባለ ካርታ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1569 የሠራው መርከበኞች አቅጣጫ እንዳይስቱ ነበር። ለዚህ ሲባል ወደ ዋልታዎቹ በተጠጋን ቁጥር አገሩ እየተለጠጠ ይሄዳል። ግሪንላንድ አፍሪካን አክላ ቁጭ ትላለች። እውነተኛዋ አፍሪካ 14 እጥፍ ገደማ ትበልጣታለች፤ ግን ይህ ለልጅ ምን ያደርግለታል? ሉል ቢያዩ ደግሞ ጥያቄ ያበዛሉ። ደግነቱ ሉሉ ዳይሬክተሩ ቢሮ፣ ቁም ሳጥን አናት ላይ፣ ከነፕላስቲኩ አለ። ከአቧራ በቀር የነካው የለም።

(ኤራቶስቴነስ የሚባል ሰው ከ2,200 ዓመት በፊት ጥላ እየለካ የምድርን ዙሪያ አስልቷል። እንኳን የኛን ፈተና አልተፈተነ! "ደብተር ላይ የሌለ ነገር ጻፈ" ተብሎ ዜሮ ይታቀፍ ነበር።)

ባለፈው አንድ ክፍል ውስጥ ኋላ ተቀምጬ ነበር። የዕለቱ ትምህርት የአፈር መሸርሸር ነው። ዝናቡ ደግሞ ያወርደዋል። ግቢው ውስጥ ጎርፉ ቦይ ቀደደ። ከግራም ከቀኝም ትንንሽ ጅረቶች እየመጡ ገበሩለት። ታች ሜዳው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ በረደና የተሸከመውን ቀይ አፈር እንደ ማራገቢያ ዘረጋው። መስኮቱ ጥግ ያለው ልጅ አንገቱን አሰገገ። ጓደኛውን ጎሸም አደረገው። ወዲያው ግማሹ ክፍል ተነሥቶ ቆመ።

መምህሩ ፈጥነው ደረሱ። መስኮቱን ጥርቅም አድርገው ዘጉና ጠመኔያቸውን አነሡ።

"ወደዚህ! ደለል ማለት ምን ማለት ነው?"

"ውሃ ተሸክሞ የሚያመጣው አፈር ማለት ነው!" አሉ በአንድ ድምፅ።

ደለሉ በበሩ ሥር ሾልኮ መግባት ጀምሮ ነበር። ተረኛዋ ልጅ መጥረጊያ ይዛ ተነሣች።