ማስተካከያ፦ የወተት ካርቶን ወረቀት ብቻ አይደለም

የማሸጊያ አምራቹ የቴትራ ፓክ ኩባንያ ሠራተኞች በበጎ ፈቃድ ስለሚያደርጉት የካርቶን ማሰባሰብ ዘመቻ ባለፈው ስጽፍ ሁለት ነገር አሳስቻለሁ። ይቅርታ።

የቴትራ ፓክን የወተት ካርቶን «ወረቀት ነው» ብዬ ነበር። ወረቀት የሆነው 70 በመቶ ያህሉ ነው። ቀሪው ስስ ፕላስቲክ ነው፤ ከፍሪጅ ውጭ ለወራት በሚቆየው ወተት ካርቶን ላይ ደግሞ አሉሚኒየም አለበት። ስለዚህ እንደ ጋዜጣ በቀላሉ አይፈጭም። ወረቀት ፋብሪካው በውሃ እያማሰለ የወረቀቱን ቃጫ ከፕላስቲኩ መለየት አለበት።

ደግሞም ኩባንያው ራሱ መልሶ እንደሚያመርተው ጽፌያለሁ። እሱ የሚሠራው ማሸጊያውን ነው። አሮጌውን የሚፈጩት ሌሎች ፋብሪካዎች ናቸው። በጎ ፈቃደኞቹ ሰብስበው፣ አለቅልቀው፣ ጨፍልቀው ቢያዘጋጁም፣ በአቅራቢያ የሚቀበል ፋብሪካ ከሌለ ልፋታቸውን ውሃ በላው። ይህን መዝለሌ ነው ይበልጥ የሚቆጨኝ።