ችክችካ በ16 ሳጥን አይታሰርም

ሰሞኑን አንድ የሰፈራችን ልጅ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይስሙልኝ» አለኝ። የሠራው ቢት ነው፣ ራፐር የሚዘፍንበት የሂፕ-ሆፕ ሙዚቃ። ክራር አለው። ከበሮ አለው። ደረት የሚያንቀጠቅጥ ቤዝ አለው። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ጆሮው ንጹሕ ነው። ግን የሆነ ነገር ጎደለኝ። ሦስቴ አስደግሜ ሰማሁት። ክራሩ ትዝታ ይላል፣ ከበሮው ግን አገሩን አያውቅም። ችክችካ ብሎ የሠራው ምት ደርቆ ቀርቷል።

ስክሪኑን ሳየው ነገሩ ገባኝ። ሶፍትዌሩ ገና ሲከፈት 16 ሳጥን ደርድሮ ያቀርባል፤ ከበሮው የሚመታው በእያንዳንዱ ሳጥን መስመር ላይ ነው። ልጁም ምቱን በሙሉ እዚያ ውስጥ ከቶታል። ችክችካ ግን በ6/8 የሚሄድ ምት ነው፣ ሦስት ሦስት እያለ ይንከባለላል። 16 ለሦስት እኩል አይካፈልም። ስለዚህ ምቱ ወይ ይጨመቃል ወይ ይለጠጣል። ትከሻ የሚያስነሳው ነገር እዚያው ይሞታል። ሳጥኑ ወደ 12 ቢቀየር ይሻላል፣ ግን እሱም አይበቃም። ደህና ከበሮ መቺ እጁ መስመሩ ላይ አያርፍም። ትንሽ ይዘገያል፣ ትንሽ ይቀድማል። እስክስታው ያለው እዚያች ትንሽ ልዩነት ውስጥ ነው።

ይህን የምለው ሂፕ-ሆፕን ለመንቀፍ አይደለም። እወደዋለሁ። ታሪኩን ያየ ሰው ግን አንድ ነገር አይስተውም፦ ይህን ሙዚቃ ያቆሙት ሰዎች ዕቃው የሰጣቸውን እንዳለ አልተቀበሉም። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ኦገስት 11 ቀን 1973፣ ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ፣ ሴጅዊክ ጎዳና ቁጥር 1520። ዲጄ ኩል ኸርክ ከጃማይካ የመጣ የ18 ዓመት ወጣት ነበር። እህቱ ባዘጋጀችው ድግስ ላይ ሙዚቃ ያጫውታል። ኸርክ ጨፋሪው የሚጠብቀውን ቦታ ለይቶ ነበር። ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን የሚቀርበት ቦታ ነው። ያ ቦታ በሴኮንዶች ውስጥ ያልቃል። ኸርክ አንድ ዓይነት ሁለት ሸክላ ይዞ፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን እያስነሳ አራዘመው። ማጫወቻው የተሠራው ዘፈን ከዳር እስከ ዳር ለማሰማት ነበር። እሱ ሌላ ሥራ ሰጠው።

ልጁ የተጠቀመበት ቤዝም የራሱ ታሪክ አለው። መነሻው ሮላንድ በ1980 ያወጣው 808 የተባለ የከበሮ ማሽን ነው። እውነተኛ ከበሮ አይመስልም ተብሎ ገበያ አጣ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ማምረቱ ቆመ። ያገለገለው ዕቃ በርካሽ ሲሸጥ ግን ገንዘብ የሌላቸው ወጣቶች እጅ ገባ። ከበሮ አለመምሰሉን ነበር የወደዱት። በ1987 የመጣው ኤስፒ-1200 የተባለ ድምፅ ቀድቶ መልሶ የሚያጫውት ማሽን ደግሞ በድምሩ 10 ሴኮንድ አካባቢ ድምፅ ብቻ ነበር የሚይዘው። ቢት ሠሪዎቹ ቦታ ለመቆጠብ በደቂቃ 33 ጊዜ የሚዞረውን ሸክላ ወደ 45 እያፈጠኑ ቀዱት፣ ከዚያ ማሽኑ ውስጥ መልሰው አዘገዩት። ድምፁ ሻከረ። ያ ሻካራነት የዘመኑ መታወቂያ ሆነ።

ከሁሉም በላይ ግን የዲትሮይቱን ቢት ሠሪ ጄ ዲላን አስባለሁ። የሚሠራበት ኤምፒሲ የተባለ የቢት መሥሪያ ማሽን የተመታውን ሁሉ ወደ መስመሩ የሚጎትት ማስተካከያ ነበረው። ብዙ ሰው እንደ በረከት ነው ያየው። ዲላ ግን ማሽኑን ለጆሮው አስገዛው። ስኔሩን፣ ማለትም ጯ የሚለውን ከበሮ፣ ትንሽ ያስቀድማል፣ ኪኩን፣ ዱም የሚለውን፣ እንደ ሰነፍ ያስጎትታል፣ ሌላውን ቀጥ አድርጎ ይተወዋል። መጀመሪያ የሰማ ሰው ተሳስቷል ይላል። ሁለተኛ ሲሰማ አንገቱ ራሱ ይወዛወዛል። ዲላ በ2006 በ32 ዓመቱ አረፈ። ኤምፒሲው ዛሬ ዋሽንግተን በሚገኘው የአፍሪካ አሜሪካውያን ሙዚየም ይገኛል። ከእሱ በኋላ ሕያው ከበሮ መቺዎች የእሱን መንገዳገድ በእጃቸው መለማመድ ጀመሩ። ማሽን ላይ የተሠራ ምት ሰውን አስተማረ። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል።

የሚያስቆጨኝም እዚህ ጋ ነው። በ1960ዎቹና 70ዎቹ አዲስ አበባ የተቀዱትን ሸክላዎች ውጭ ያሉ ቢት ሠሪዎች አገኟቸው። የካሊፎርኒያው ቢት ሠሪ ኦ ኖ በ2009 ከእኛ ሙዚቃ ሙሉ አልበም ሠራ። ራፐሩ ናስና የሬጌው ዴሚያን ማርሊ በ2010 አብረው ያወጡት አልበም የሚከፈተው በሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ ነው። እነሱ የእኛን መደርደሪያ ሲፈትሹ፣ የእኛ ልጆች የእነሱን የከበሮ ጥቅል፣ ማለትም ተዘጋጅቶ የተቀዳ የከበሮ ድምፅ፣ ከኢንተርኔት ያወርዳሉ። አንድ ጥቅል፣ አንድ ስኔር፣ ሺህ ቢት።

«ራፐሮቹ የሚጠይቁት እሱን ነው» ይሉኛል። አውቃለሁ፣ የቤት ኪራይ አለ። በመኮረጅ መማርም ነውር አይደለም። ዲላ ራሱ የኒውዮርኩን ቢት ሠሪ ፒት ሮክን እየሰማ ነው ያደገው። ግን ክራር ከላይ በመለጠፍ ብቻ ቢት የእኛ አይሆንም። ቅኝቱን ይዘን ምቱን ከተውነው ግማሹን ጥለናል። ከሸክላ ስትወስዱ ደግሞ ባለቤቱን ጠይቁ፣ ስሙንም ጻፉ። ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ሙዚቀኞች ከድካማቸው ያገኙት ጥቂት ነው።

ልጁን ላፕቶፑን ዝጋው አልኩት። «ሠርግ ቤት እንዳለህ አስብና ጠረጴዛውን ምታልኝ።» አፈረ። ከዚያ መታ። መጀመሪያ በጣቱ፣ በኋላ በመዳፉ። ትከሻው አብሮ ተነሣ፣ ግራ እጁ በየዙሩ ትንሽ ይዘገያል። እንደሚዘገይ እሱ አላወቀም። በስልኬ ቀዳሁና ላኩለት። አሁን ማስተካከያውን አጥፍቶ እሷ ላይ እየሠራ ነው። ስኔሩ አሁንም ከዚያው ጥቅል ነው፣ ስለ እሱ ገና እንነጋገራለን።