በሐይቁ ዙሪያ መንገድ የሚለቀው ለምን ሁልጊዜ ደካማው ይሆናል?

በከተማ ሐይቅ ዙሪያ የተነጠፈ የእግር መንገድ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ሌላ መራመጃ ለሌለው ሰው ነው። ጉልበቱን ለሚያመው አረጋዊ፣ ከቀዶ ሕክምና ተነሥቶ ሐኪሙ ተራመድ ላለው፣ በዊልቸር ለሚንቀሳቀስ፣ የሕፃን ጋሪ ለምትገፋ እናት። አቀበት አይበዛበትም፣ መኪና አይገባበትም፣ ዞሮ ከተነሡበት ያደርሳል። ጤነኛ እግር ያለው ሰው ሣሩንም ኮረብታውንም መሄድ ይችላል፤ እነዚህ ሰዎች ግን ያላቸው ይኸው አስፋልት ብቻ ነው። ታዲያ ከመንገዱ ተገፍተው ጭቃ የሚረግጡት ሁልጊዜ እነርሱ መሆናቸው ያንገበግበኛል!

ጎን ለጎን ተደርድረው በሚሄዱት ልጀምር። አራት ጓደኛሞች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ወሬያቸውን እያደሩ ይመጣሉ። አንድ ሰው እጁን እያወዛወዘ ሲራመድ 75 ሴንቲ ሜትር ያህል ቦታ ይይዛል፤ አራቱ 3 ሜትር ሞሉ ማለት ነው። የአሜሪካ የመንገድ መሐንዲሶች መመሪያ እግረኛና ብስክሌት ለሚጋሩት መንገድ በተለምዶ በዝቅተኛነት የሚያስቀምጠው ስፋትም ይኸው 3 ሜትር ነው። ከፊት ለሚመጣው ሰው አንዲት ስንዝር እንኳ አልተረፈችም። ያያሉ እኮ! ምርኩዙን ያያሉ፣ ዊልቸሩን ያያሉ፣ ግን ማንም ከሰልፉ ወደ ኋላ አይልም። አንዱ ሌላውን ይጠብቃል፣ በመካከሉ ሽማግሌው ከአስፋልቱ ይወርዳሉ።

ያ የአስፋልት ጠርዝ ለጎልማሳ ምንም አይደለም። የዊልቸር የፊት ጎማዎች ግን ትንንሽ ናቸው፤ እርጥብ አፈር ውስጥ ከገቡ ይሰምጣሉ፣ ለመውጣትም አላፊ አግዳሚውን መለመን ይመጣል። ምርኩዝ የያዘ ሰው ደግሞ አንድ ጊዜ ከተንሸራተተ የዳሌ አጥንቱ ሊሰበር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመውደቅ አደጋ ከሚሞቱት ብዙዎቹ ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ናቸው። ከመንገድ አስወርዶ ማለፍ ቀላል ነገር የሚመስለው ካለ ይህን ያስብበት።

ብስክሌተኞችስ? በእግር የሚሄድ ሰው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ ነው። በብዙ የአውሮፓ አገሮች የኤሌክትሪክ ብስክሌት ሞተር እስከ 25 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ድረስ እንዲያግዝ ይፈቀድለታል፤ ይህም በሰከንድ ወደ 7 ሜትር ይጠጋል። ነጂው 20 ሜትር ሲቀረው ደወሉን ቢያሰማ ከፊቱ ያለው ሰው ለመስማት፣ ለመዞርና ለመሸሽ ያለው ጊዜ አራት ሰከንድ አይሞላም። እነርሱ ግን ጀርባችን ላይ ደርሰው ነው የሚደውሉት፤ ያውም የሚደውሉት። ጆሮው የደከመ ሰው ደንግጦ ወደ የትኛው በኩል እንደሚዘል ማን ያውቃል? ደርሰው ከመደወል ይልቅ ፍጥነት ቀንሰው፣ ክንድ ያህል ርቀት ሰጥተው ቢያልፉ ምን ይጎድልባቸዋል?

ውስጠኛውን ጠርዝ ይዘው ከሁሉም ሰው አቅጣጫ በተቃራኒ እየመጡ ንቅንቅ የማይሉም አሉ። ዙሩን ማሳጠራቸው ነው። መንገዱ 3 ሜትር ስፋት ካለው የውስጡና የውጩ ጠርዝ ልዩነት በአንድ ዙር 19 ሜትር ገደማ ነው፤ ሐይቁ ትንሽም ይሁን ሰፊ ይህ አይለወጥም። ለ19 ሜትር ብሎ ዓይነ ስውርን ከነነጭ በትሩ ዞር በል ማለት ያሳፍራል። ውሻቸውን በሚረዝም ቀጭን ገመድ ለቀው መንገዱን ከዳር እስከ ዳር የሚያጥሩትንም ሳላነሣ አላልፍም፤ ሲመሽ ያ ገመድ ጨርሶ አይታይም።

የፓርኩ አስተዳዳሪዎች ሲጠየቁ መልሳቸው ያው ተቻችላችሁ ተጠቀሙ ነው። እስካሁን ሲችሉ የኖሩት ደካሞቹ ብቻ ናቸው። መሐል ላይ መስመር ቀቡ፤ የመሄጃውን አቅጣጫ በቀስት አመልክቱ፤ የሣሩን አፈር ከአስፋልቱ ጋር አስተካክላችሁ ጠቅጥቁት። የዛፍ ሥር ያነሣውን አስፋልት ጠግኑት፣ ካልሆነም ቢያንስ ደማቅ ቀለም ቀቡት። ቦታ ካለ ለብስክሌት የራሱን መስመር ለዩለት። እናንተም ጎን ለጎን የምትሄዱት፣ ምርኩዝ ወይም ዊልቸር ከሩቅ ስታዩ ቀድማችሁ ሁለት ሁለት ሁኑ፤ ሰውየው እስኪያልፉ ድረስ ነው።