የጁገል ቤት በሲሚንቶ ሲለሰን

አንድ ጽሁፍ ላይ የጁገል (በግንብ የታጠረው የድሮው የሐረር ከተማ) ቤቶች ስላረጁ ፈርሰው በብሎኬት ይሰሩ የተባለው በፍጹም አልተዋጠልኝም። ወፍራም ድንጋይ በጭቃ ተያይዞ የተሰራ ቤት እኮ በየጊዜው ከታደሰ ብዙ ትውልድ ያኖራል፣ ችግሩ ሰው ለማሳመር ብሎ ከላይ ሲሚንቶ ይለስንበታል ከዛ ውስጥ የገባው እርጥበት መውጫ ያጣና ጭቃው ይላላል፣ የጎረቤታችን ግድግዳ ከውጪ አዲስ መስሎ ባለፈው ክረምት ልስኑ አብጦ በቁራጭ በቁራጭ ሲወርድ ከስሩ ያለው ጭቃ በጣት ይዛቅ ነበር። በኖራ ቢለሰን ይተነፍስ ነበር። የጭቃ ቤት ጎርፍ አይችልም ካላችሁ ደሞ ድሬዳዋን አስታውሱ፣ በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ጨረሰ፣ ብሎኬትም ሆነ ጭቃ ወንዝ አፋፍ ላይ ከተሰራ ማን ይችለዋል? እባካችሁ የድሮውን አሰራር የሚያውቁ ግንበኞች በህይወት እያሉ ወጣቶቹን ያሰልጥኑልን።