ፊውዝን በሽቦ የሚተካ ሰው መኪና አይንካ!

ወገን፣ ዛሬ ካልተናገርኩ የምፈነዳ ይመስለኛል።

ከኮምቦልቻ ደሴ የሚሠራ አሮጌ ሚኒባስ አለኝ። ሞተሩ ጤነኛ ነው። ፍሬኑ ይይዛል። ቦዲውም ለዕድሜው አይከፋም። እኔን ያስረጀኝ የኤሌክትሪክ መስመሩ ነው።

ፍሬን ስረግጥ የኋላው ፍሬቻ ደብዘዝ ብሎ ይበራል። ፍሬቻ ሳሳይ ደግሞ የኋላ መብራቱ አብሮ ብልጭ ድርግም ይላል። ይሄ ሙያው ላለው ሰው ምስጢር አይደለም፤ ማሳ ነው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በቦዲው በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበት መስመር። የኋላ መብራቱ ከቦዲው ጋር የሚታሰርበት ቦታ ሲዝግ፣ ኤሌክትሪኩ መመለሻ ያጣና በሌላው አምፖል በኩል ዞሮ ይሄዳል። ብሎኑን ፈትቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት አጽድቶ መልሶ ማጥበቅ ነው። በቃ!

የሄድኩባቸው ጋራዦች ግን አምፖል ቀየሩ። ቀጥሎ ማብሪያውን ቀየሩ። ቀጥሎ "መስመሩ አርጅቷል" ብለው ከፊት እስከ ኋላ በወንበር ሥር አዲስ ሽቦ ዘረጉ፤ አሮጌውን ግን እዚያው ተዉት። የትኛው እንደሚሠራ፣ የትኛው እንደሞተ የጻፈልኝ የለም። በየጊዜው ከፍያለሁ፣ ፍሬቻው ግን ዛሬም ያው ነው። "ለጊዜው ይሥራልህ" የምትል ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ሰሞኑን ዳሽቦርዱን አስፈትቼ አየሁት። ቀይ ሆኖ የተነሳው ሽቦ መሃል ላይ በናስትሮ ተጠቅልሎ አረንጓዴ ይሆናል፤ ትንሽ ወረድ ብሎ ነጭ። ናስትሮው በሙቀት ላልቶ እጅ ላይ ይጣበቃል። ስልጠው ውስጡ ያለው መጋጠሚያ ዝም ብሎ የተጠማዘዘ ነው፤ አልተበየደም፣ መዳቡም አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። የባሰው ደግሞ የቤት ሽቦ መቀጠላቸው ነው። ግድግዳ ውስጥ የሚቀበረውን፣ ባለ አንድ ክሩን! የመኪና ሽቦ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የሚሠራው እኮ መኪና ስለሚንቀጠቀጥ ነው። ባለ አንድ ክሩ ውሎ አድሮ ውስጡ ይሰበራል፣ ላስቲኩ ግን ደህና ይመስላል። ከዚያ አንዱ ጉድጓድ ላይ መብራት ይጠፋል፣ ሌላው ጉድጓድ ላይ ተመልሶ ይመጣል።

የፊት መብራቱን ፊውዝ ሳይ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ሰማያዊው ባለ 15 አምፔር መሆን ሲገባው፣ ቦታው ላይ የመዳብ ሽቦ ተጠምዝዞ ገብቷል። የጋራዡን ሠራተኛ ስጠይቀው "ፊውዙ እየተቃጠለ አስቸገረ" አለኝ። ወንድሜ፣ ፊውዝ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው! መደበኛው የፊት አምፖል 55 ዋት ነው፤ 12 ቮልት ላይ ሁለቱ ተደምረው 9 አምፔር ገደማ ይስባሉ። 15ቱ በደንብ ይበቃቸው ነበር። እነሱ ግን "ይሄ የበለጠ ያበራል" ብለው ባለ 100 ዋት ሰኩበት። ሁለቱ ከ16 አምፔር በላይ ነው። ፊውዙ ሥራውን ሠራ፣ እነሱም አውጥተው ጣሉት። ያን ያህል ብርሃን የሚፈልግ ሰው ከባትሪው ወፍራም ሽቦ በሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን መስመር በሚያበራና በሚያጠፋ ማብሪያ) ይስባል፣ ለእሱም የራሱን ፊውዝ ያስገባል።

በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት በክረምት ማታ የወጣ ሰው ያውቀዋል። ጉሙ ወርዶ አስፋልቱ አይታይም። ከላይ ጭነት መኪና እየወረደ ነው፣ በአንድ በኩል ገደል ነው። እዚያ ኩርባ ላይ መብራቴ ጥፍት ቢልስ? ከዳሽቦርዱ ጭስ ቢነሳስ? ከኋላዬ ልጅ ያዘለች እናት አለች፣ ከሥራ የሚመለስ ሠራተኛ አለ። እኔ የሰው ነፍስ ነው የምጭነው።

የድሮዎቹ ባለሙያዎች (ዛሬም ጥቂቶች አሉ፣ ዕድሜ ይስጣቸው) ፒንሳ ከማንሳታቸው በፊት "መቼ መቼ ነው የሚያደርገው? ሲዘንብ ነው? ስትረግጠው ነው?" ብለው ይጠይቁ ነበር። አሁን ቁጭ ሳትል መቁረጥ ይጀምራሉ።

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ የሞተውን ሽቦ ሁሉ አውጥቶ፣ በትክክለኛው የመኪና ሽቦ ዘርግቶ፣ እያንዳንዱን መስመር ምልክት አድርጎበት የሚያስረክብ ሰው የምታውቁ ጠቁሙኝ። የሚጠይቀውን እከፍላለሁ። መኪናውንም እስኪጨርስ አቆምለታለሁ፣ አላጣድፈውም።