ክርክር፦ ሱዋሬዝን ስናወድስ ኤቭራን የት እናድርገው?

የክርክሩ ሀሳብ፦ «የሉዊስ ሱዋሬዝ ታላቅነት በተነሳ ቁጥር በፓትሪስ ኤቭራ ላይ የፈፀመው የዘረኝነት ጥፋትም አብሮ መነሳት አለበት።» ሱዋሬዝ ያኔ የሊቨርፑል አጥቂ፣ ኤቭራ የማንቸስተር ዩናይትድ የግራ ተከላካይ ነበሩ። መነሳት አለበት ባይ «ሦስት ቁጥር»፣ የለበትም ባይ «የአንፊልድ ልጅ»። ተራ በተራ ይፅፋሉ፣ ስድብ አይፈቀድም ተብሎ ነበር።

ሦስት ቁጥር

ለረሳው ሰው ባጭሩ ላስታውስ። ኦክቶበር 15 2011 በሊቨርፑል ሜዳ አንፊልድ ላይ ሊቨርፑልና ዩናይትድ 1 ለ 1 ወጡ። 58ኛው ደቂቃ ላይ ሱዋሬዝ ኤቭራን ጉልበቱን ጠለዘው፣ ከዛ ኮርና ሊመታ ሲል ጎል አፍ ላይ ተገናኙና ኤቭራ ለምን መታኸኝ አለው። ከዛ በኋላ የሆነውን የኤፍኤ (የእንግሊዝ እግር ኳስ ማህበር) ገለልተኛ ኮሚሽን 115 ገፅ ፅፎበታል። ድምዳሜው ሱዋሬዝ የሰውየውን ጥቁርነት እያነሳ ሰባት ጊዜ ተናግሮታል የሚል ነው፣ ክንዱንም ቆንጥጦታል። ቆዳውን ማለት ነው፣ ጎል አፍ ላይ፣ ያ ሁሉ ህዝብ ባለበት። 8 ጨዋታ እና 40 ሺህ ፓውንድ ተቀጣ።

አሁን የኳስ ልጆችን ስለ ሱዋሬዝ ጠይቃቸው። የሚነግሩህ ንክሻውን ነው። የነከሳቸውን ተጫዋቾች ባካል፣ ኢቫኖቪች፣ ኪየሊኒ እያሉ ይቆጥሩልሃል፣ እየሳቁ። እኔ የምለው ንክሻው አዳነው ነው። ሰውየው አስቂኝ እብድ ሆኖ ቀረ፣ እብድ ደግሞ ይወደዳል። ኤፍኤ ራሱ ለኢቫኖቪች ንክሻ 10 ጨዋታ፣ ለኤቭራ ግን 8 ነው የቆረጠለት፣ ሂሳቡን እናንተ ስሩት። በቲቪ ስለ ሱዋሬዝ ሲወራ 2014 ላይ 31 ጎል፣ ኮከብ ተጫዋች፣ ባርሳ፣ ምናምን ይባልና ኤቭራ ጋ ሲደርሱ «አወዛጋቢ» ብለው ያልፉታል። ምኑ ነው አወዛጋቢው? ተከሰሰ፣ ተሰማ፣ ተፈረደበት። እኔ ችሎታውን አልካድኩም፣ ግን ከዛች ቀን በኋላ ቆሞ ያጨበጨበለት ሁሉ የጥፋቱ ተካፋይ ነው፣ ቲሸርቱን የለበሰውም ያልለበሰውም።

የአንፊልድ ልጅ

ተካፋይ! እሺ ጌታዬ። እኔ እንግዲህ አዲስ አበባ ዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚ ላይ ከማላውቀው ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጣብቄ ኳስ የማይ ሰው ነኝ። ዲሴምበር 2013 ኖርዊች ላይ አራት ሲያገባ የመጀመሪያዋን ያያት ያውቃታል፣ ነጥራ የወጣችዋን ኳስ ገና ከሩቅ ሳያሳርፍ ሲመታት በረኛው ዞሮ መረቡን ነው ያየው፣ ቤቱ በሙሉ ተነሳ፣ የቼልሲ ደጋፊዎች ራሳቸው ጭንቅላታቸውን ይዘው ነበር። እና እኛ ሁላችን ጥቁሮች፣ በጥቁር አገር፣ በዛች ደቂቃ የዘረኝነት ተካፋይ ሆንን? ይሄን ፅፈህ ደግመህ አንብበኸዋል?

ወደ ጉዳዩ ስንመጣ ደግሞ፣ የተባለው ነገር ድምፅ የለውም። ካሜራው አፍ ሲንቀሳቀስ ነው የሚያሳየው፣ እሱንም በከፊል። ኮሚሽኑ የፈረደው የማን ቃል ይበልጥ ያሳምናል በሚል ነው እንጂ እጅ ከፍንጅ ይዞት አይደለም። ሱዋሬዝ «ጥቁር» ያልኩት አንዴ ነው፣ ያደግኩበት አገር አጠራር ነው፣ ለስድብ አይደለም ብሏል፣ አያቱ ራሳቸው ጥቁር ናቸው። ኤቭራም ራሱ ሱዋሬዝ ዘረኛ ነው አልልም ብሏል፣ ሪፖርቱ ላይ አለ። በእህቱ ስድብ ነገሩን የከፈተውም ኤቭራ ነው፣ አምኗል። ይሄ ሁሉ 115 ገፅህ ውስጥ ያለ ነው፣ አንተ የመረጥካትን መርጠህ አወጣህ። ደግሞ ኤቭራ እኮ የመጀመሪያው አይደለም፣ ከዛ በፊትም ዘረኝነት ደረሰብኝ እያለ ከሷል።

እና ግልፁን እናውራ ከተባለ፣ ይሄ ጉዳይ ባይኖር ዛሬ ኤቭራን ማን ያነሳው ነበር?

ሦስት ቁጥር

«ማን ያነሳው ነበር።» ይቺን ዓረፍተ ነገር ያዝልኝ፣ እመለስባታለሁ።

መጀመሪያ ውሸቷን ላንሳት፣ ምክንያቱም ከ2011 ጀምሮ ከአፍ ወደ አፍ ስትዞር የኖረች ውሸት ናት። ኤቭራ ከዛ በፊት ማንንም አልከሰሰም። 2006 ላይ በሊቨርፑሉ ተጫዋች በስቲቭ ፊናን ጉዳይ ያመለከቱት መስማት የተሳናቸው ተመልካቾች ናቸው፣ ከንፈር አንብበን አየን ብለው። 2008 በቼልሲ ሜዳ ስታምፎርድ ብሪጅ ላይ ከሜዳ ሰራተኞች ጋር በተጣላ ጊዜም ሰማን ያሉት የዩናይትድ አሰልጣኞች ናቸው፣ ኤቭራ እኔ አልሰማሁም ነው ያለው። ሁለቱንም ጊዜ ሌላ ሰው ተናገረ፣ ስሙ ግን «ካሳሽ» ተብሎ የወጣው እሱ ነው። ይሄን ያልኩት በምክንያት ነው።

ድምፅ የለም ላልከው፣ ድምፅ ባይኖርም ሰው ነበር። የራሳችሁ የእግር ኳስ ዳይሬክተር ኮሞሊና ተጫዋቹ ዲርክ ኩይት ከጨዋታው በኋላ ሱዋሬዝ እንዲህ አለን ብለው የሰጡት ቃል ከሱዋሬዝ ይልቅ ከኤቭራ ጋር ነው የሚቀራረበው። ቁንጥጫውንም መጀመሪያ ነገር ለማብረድ ነው ብሎ በፅሁፍ ሰጠ፣ ሲፋጠጥ ግን አይ ለማብረድ አልነበረም አለ። ነገር ለማብረድ የሰው ቆዳ ሲቆነጠጥ የት አየህ?

አሁን ወደ ያዝካት። ማን ያነሳው ነበር አልክ። ዳካር ተወልዶ ፈረንሳይ ያደገ፣ ጣሊያን ሦስተኛ ዲቪዚዮን የጀመረ፣ በሞናኮ፣ በዩናይትድና በጁቬንቱስ አምስት የቻምፒየንስ ሊግ ፍፃሜ የተጫወተ፣ 2008 ሞስኮ ላይ ዋንጫ ያነሳ፣ አምስት የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ያለው፣ ቪዲች ሲጎዳ የዩናይትድ አምበል የነበረ ሰው ነው። የግራ መስመር ተከላካይ ሆኖ ነው ይሄ ሁሉ። እና አንተ፣ ኳስ አውቃለሁ የምትለው ሰው፣ ያለ ሱዋሬዝ ማን ያነሳው ነበር ትላለህ። አየህ፣ እኔ ስለ ሱዋሬዝ ስም ልከራከር መጥቼ ነበር፣ አንተ ግን የባሰውን ነገርከኝ፣ የሰደበው በ31 ጎሉ ይታወሳል፣ የተሰደበው በስድቡ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፣ የኛ ግን ከዛ አልፎ የተወጋውን ሰው ስሙን ራሱ «ያ የተወጋው» አድርገን አረፍን።

የአንፊልድ ልጅ

ስብከቱ ጥሩ ነው፣ ተካፋይ የሚለው ግን አሁንም እዛው ተቀምጧል። አልመለስክም። እኔ ማጨብጨቤ ወንጀል ነው አይደለም? አዎ ወይ አይ በል። ዩናይትድ ስለሆንክ ነገር ማዞር ታውቅበታለህ።

ስለ ኤቭራ ዋንጫ አልተከራከርኩም፣ ቁጠርልኝ አላልኩም። እኔ የምለው ሰው ቅጣቱን ከጨረሰ ጨረሰ ነው። ሱዋሬዝ 8 ጨዋታውን ውጭ ተቀምጦ ጨርሷል። ፌብሩዋሪ 2012 ኦልድ ትራፎርድ ላይ የኤቭራን እጅ ሳይጨብጥ አለፈ፣ ጥፋት ነው፣ በማግስቱ ይቅርታ ጠየቀ፣ አሰልጣኙ ዳልግሊሽም ጠየቀ። ሦስት ዓመት ቆይቶ በርሊን ላይ፣ ባርሳና ጁቬ፣ የቻምፒየንስ ሊግ ፍፃሜ፣ ሁለቱ ተጨባበጡ። ባለጉዳዮቹ ከተጨባበጡ አንተ ምን ሆነህ ነው ፋይል ይዘህ የምትዞረው? ዕድሜ ልክ ይሆናል የተባለው የት ነው?

ደግሞ ለምን ሱዋሬዝ ብቻ? የቼልሲው አምበል ጆን ቴሪ በዛው ወር፣ ከሳምንት በኋላ፣ ሎፍተስ ሮድ ላይ አንቶን ፈርዲናንድን በዘር ሰደበ የተባለበትን ሁሉም አይቶታል፣ እዛ ጋ እንደውም ካሜራው አፉ ላይ ነበር። ፍርድ ቤት ነፃ ነህ አለው፣ ኤፍኤ ደግሞ ጥፋተኛ ነህ ብሎ 4 ጨዋታ ቀጣው፣ የሱዋሬዝን ግማሽ። እና 2024 ላይ ፕሪሚየር ሊግ የዝና መዝገቡ ውስጥ አስገባው፣ ከአንቶን ወንድም ከሪዮ አንድ ዓመት በኋላ፣ እዛው ግድግዳ ላይ። እንግሊዛዊ አምበል ሲሆን ይረሳል፣ ኡራጓያዊ ሲሆን ከነፋይሉ ይቀበራል። ይሄስ ምን ይባላል?

ሦስት ቁጥር

ዩናይትድ አይደለሁም፣ አርሰናል ነኝ። ደግሞ ሊቨርፑል ደጋፊ ካልሆንክ ዩናይትድ ነህ የምትሉት ነገር መቼ ነው የሚለቃችሁ?

የቴሪን ጨምርልኝ፣ ደስ ይለኛል፣ እሱም ይነሳ። ቴሪ ስላመለጠ ሱዋሬዝም ያምልጥ የሚለው ግን ውሃ አያነሳም። አንቶንንም ጠይቀው እስቲ፣ ቃል ሳይናገር ስንት ሜዳ ላይ እንደተጮኸበት። እዛም ያው ነው፣ ቴሪ ካፒቴን ሊደር ሌጀንድ፣ አንቶን «ያ ልጅ»።

ጨረሰ ላልከው፣ ማን ምን እንደጨረሰ ልንገርህ። ፍርዱ በተሰማ ማግስት ዊጋን ላይ የሊቨርፑል ተጫዋቾች የሱዋሬዝ ፎቶ ያለበት ቲሸርት ለብሰው አሟሟቁ፣ ጥቁሩ ግሌን ጆንሰን ሳይቀር፣ አሰልጣኙም ለብሶ። ጃንዋሪ 28 2012 ደግሞ ለኤፍኤ ካፕ ዩናይትድ አንፊልድ ሲመጣ ሱዋሬዝ ቅጣት ላይ ነው፣ ሜዳው ላይ የለም፣ ኤቭራ ግን ኳስ በነካ ቁጥር ስታዲየሙ በሙሉ ጮኸበት። በደል የደረሰበት ሰውዬ ላይ! ጨዋታ ሙሉ! አንድ ደጋፊ የዝንጀሮ ምልክት ሲያሳይ በፎቶ ተይዞ ፖሊስ ወስዶታል። ሱዋሬዝ ቤቱ ቁጭ ብሎ ቅጣቱን ሲጨርስ ኤቭራ ሜዳ ላይ ቅጣት ሲቀበል ነበር። ክለቡስ መቼ ነቃ? የቀድሞው የሊቨርፑል ተጫዋች ካራገር በቲቪ ለኤቭራ ፊት ለፊት ተሳስተን ነበር ያለው በ2019 ነው፣ የክለቡ ስራ አስኪያጅ የይቅርታ ደብዳቤ የፃፈለት ከዛ በኋላ። ስምንት ዓመት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉሃል ይሄ ነው።

እና ተጨባበጡ ትለኛለህ። ኤቭራ መጨባበጡ የኤቭራ ትልቅነት ነው፣ ለሱዋሬዝ ደረሰኝ አይደለም። የመጀመሪያውን ቀንም እጁን የዘረጋው እሱ ነበር እኮ፣ ኦልድ ትራፎርድ ላይ፣ ተዘርግቶ ነው የቀረው።

የአንፊልድ ልጅ

አርሰናል! ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ። ወንድሜ አርሰናል ነኝ ብለህ ነው እስካሁን ይሄን ሁሉ የፃፍከው?

2013 ክረምት። ኤቭራ ጉዳይ ሁለት ዓመት አልሞላውም፣ ኢቫኖቪች የተነከሰው ገና በኤፕሪል ነው፣ ንክሻው ቅጣት ላይ እያለ። ያንተ ክለብ፣ አሰልጣኙ ዌንገር፣ ጨዋው ክለብ፣ ሱዋሬዝን ለመግዛት ስንት አቀረበ? 40 ሚሊዮን ከአንድ ፓውንድ። አንድ ፓውንድ! ውሉ ላይ ያለችውን የ40 ሚሊዮን መስመር ለማለፍ የተጨመረች ሳንቲም። ያኔ 115 ገፁ አልታተመም ነበር? ሜዳችሁ ኤሚሬትስ የኤቭራ ዜና አልደረሰም? ተሳክቶላችሁ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የሰሜን ለንደን ደርቢ ጎሉን እየላክህልኝ ነበር የምትከራከረኝ፣ «ተካፋይ» የሚለው ቃልም በመዝገበ ቃላትህ አይኖርም ነበር።

ቲሸርቱ ስህተት ነበር፣ ክለቡም ይቅርታ ብሏል፣ ቢዘገይም። የናንተ ክለብ ግን ስለ አንድ ፓውንዱ ለማን ደብዳቤ ፃፈ?

ሦስት ቁጥር

ዌንገርን ጠይቀው። እኔ ቼክ አልፈረምኩም።

ጥያቄዬ ያው ነው፣ ማን ያነሳው ነበር ያልከው። ሦስት ዙር አለፈ አንድም መስመር አልፃፍክባትም። ስለ እኔ ክለብ፣ ስለ ቴሪ፣ ስለ አያቱ፣ ስለ ዲኤስቲቪ ቤቱ ፃፍክ። አንድ ጊዜ ኤቭራን ያለ ሱዋሬዝ ግለፅልኝ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃኛል። ካልቻልክ እኔ አሸንፌያለሁ ማለት ሳይሆን፣ ክርክሩ ስለ ምን እንደሆነ አሁን ገብቶሃል ማለት ነው።

የአንፊልድ ልጅ

እሺ፣ ዓረፍተ ነገርህ፦ ኤቭራ ጥሩ የግራ ተከላካይ ነበር፣ አሽሊ ኮል ይበልጠዋል። ያውም አርሰናል ያሳደገው፣ በ5 ሺህ ፓውንድ ሳምንታዊ ደሞዝ ጭቅጭቅ ለቼልሲ ያስረከባችሁት። በቃህ?

አሁን ደግሞ የኔ ተራ ነው። «ተካፋይ» ያልከውን ወይ ሰብስበው ወይ እዛ ቤት አብረውኝ ለተነሱት ሰዎች ሁሉ በየስማቸው ፃፈው፣ ውስጣቸው የአርሰናል ማሊያ የለበሱም አሉ፣ ከነሱ ጀምር። እስከዛ አልመልስም፣ ቅዳሜ ጨዋታ አለ።